ትራስ ብረት ያነሳ ጊዜ

ሰፈሩ ሁሉ ትራስ እያለ የሚጠራው ልብስ ሰፊ አንድ ችግር ነበረበት፤ ሆዱ ይቀድመዋል። ሱቅ ሲገባ መጀመሪያ ሆዱ ይገባል፣ ሰላምታ ይቀበላል፣ ወንበር ይይዛል፤ ባለቤቱ ብቅ የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። ስፌት መኪናው ላይ ሲቀመጥ ጠረጴዛው ራሱ ወደ ግድግዳው ሸሸት ይላል። የሚኖረው ደግሞ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከሥራ ሲመለስ ደረጃውን እያለከለከ ሲወጣ፣ አንደኛ ፎቅ ያሉት አዛውንት «ባቡሩ አለፈ» ብለው ሰዓታቸውን ያስተካክሉ ነበር ይባላል። በዚያ ሰፈር ባቡር አልፎ አያውቅም፤ የአዛውንቱ ሰዓት ግን ዝንፍ ብሎ አያውቅም።

አብራው የምትኖረው እናቱ ናት። መርፌ መያዝ ያስተማረችው እሷ ናት። ዳሌዋ ተሰብሮ አልገጥምም ካለ ወዲህ ግን ደረጃውን ወርዳ አታውቅም። ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ሥር ባለው አልጋዋ ላይ ሆና ትሰፋለች፣ ልብስ ትተኩሳለች፣ ከመንገዱ ማዶ ካለችው ታናሽ እህቷ ጋር ትጣላለች። አክስቲቱ ፊት ለፊት ካለው ሕንፃ ከታችኛው ቤት ናት። እሷም ጉልበቷ ደረጃ አያስወጣትም። ስለዚህ ሁለቱ እህትማማቾች ለዓመታት የተገናኙት በጩኸት ነው፤ አንዷ ወደ ላይ፣ አንዷ ወደ ታች። በመሃላቸው የሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ የቤተሰቡን ጉዳይ ከቤተሰቡ በላይ ያውቃል።

«መድኃኒትሽን ዋጥሽ?» ትላለች አክስቲቱ።

«አንቺ ምን አገባሽ! ይልቅ ያንን ቀሚስ አውልቂው፤ ከዚህ ሆኜ ሳየው ድንኳን የተተከለ መስሎኝ ማን ሞተ ልል ነበር!»

አንድ ጠዋት ግን አክስቲቱ ስድብ ሳታስቀድም ተጣራች።

«እታለም! ልጄ ከኔ ጋር ኑሪ አለኝ። ግቢው ውስጥ ክፍል እየሠራልኝ ነው። ጣሪያው እንዳለቀ መጥቶ ይወስደኛል።»

የልጁ ከተማ በመኪና ሙሉ ቀን ያስኬዳል። የትራስ እናት መስኮቱን ዘጋችው። ያ መስኮት በጠራራ ፀሐይ ሲዘጋ ያየ ሰው ስላልነበረ፣ ደፉ ላይ የለመዱት ርግቦች ተደናግጠው ጎረቤት መስኮት ሄደው ጠየቁ።

ማታ ትራስ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ አልጋው ሲጢጥ አለ።

«እማዬ፣ ሰው ልጥራና በወንበር እናውርድሽ። ሳትሄድ አንዴ እቀፊያት።»

«በወንበር ሞክረውኝ የለ! ገና የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ሲያዘነብሉኝ ነፍሴ ቀድማኝ ወርዳ ታች ስትጠብቀኝ ነበር። ቁም ሣጥን አይደለሁም እኔ። ከልጄ ጀርባ በቀር በምንም አልወርድም።»

የማይሆን ነገር ጠይቃ ነገሩን መዝጋቷ ነበር። ትራስ ግን ቃሏን እንደ ልብስ ትእዛዝ ተቀበለው። ልክ አለው፣ ቀጠሮ አለው፤ የሚቀረው ማድረስ ነው። በማግስቱ ጠዋት ለሙከራ ባዶ ጀርባውን ይዞ ወርዶ ወጣ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ግድግዳው እንደ ወፍጮ ዞረበት። ባዶ ጀርባ እንዲህ ከከበደ እናት ስትጨመርበት ምን ሊሆን ነው? ከሥራ እንደወጣ በቀጥታ ወደ እትዬ ክሬን ጂም ሄደ።

ጂሙ የድሮ ጋራዥ ነው። ብረቶቹ የመኪና አክሰልና ሲሚንቶ የተሞላ የቀለም ቆርቆሮ ናቸው። እትዬ ክሬን ጠና ያሉ ሴት ሲሆኑ፣ የቆመ መኪና በአንድ ጎን አንስተው ሥሩ የገባች ድመት አወጡ የሚባልላቸው ናቸው። ድመቷን ያየ ሰው የለም፤ ክንዳቸውን ያየ ግን አልተከራከረም።

«ምን ፈልገህ ነው?» አሉት።

«እናቴን ማንሳት።»

«ስንት ትመዝናለች?»

«እግዜር ይወቀው። ስትቆጣ እጥፍ ትሆናለች።»

ሳቁና ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «መጀመሪያ ሐኪም ልብህን ይይልኝ። ያለዚያ አንዲት ቆርቆሮ አታነሳም።»

ሐኪሙ አዳመጠ፣ ገመድ ለጣጠፈ፣ ደረጃ አስወጣ፣ አስወረደ። በመጨረሻ «ልብህ ደህና ነው፤ የሚያስቸግሩት በዙሪያው ያሉ ጎረቤቶች ናቸው» ብሎ አሰናበተው።

ትራስ ተመልሶ ሲመጣ እትዬ ክሬን የውሃ ቧንቧ ትከሻው ላይ ጣሉለት።

«ይሄ ብቻ?» አለ ቅር ብሎት።

«ይሄ ብቻ። ቁጭ ብድግ ትላለህ፣ ከመሬት ታነሳለህ፣ ወደ ላይ ትገፋለህ፣ ወደ ራስህ ትስባለህ። አለቀ። አንድ ቀን ትሠራለህ፣ አንድ ቀን ታርፋለህ። ቧንቧው ሲቀልህ ጠብ እያደረግን እንጨምርበታለን።»

«ሆዴስ?»

«ሆድህ ከማዕድ ትንሽ ቀደም ብለህ በተነሳህ ቁጥር ይሄዳል። ስኳሩን ቀንስ፣ ዘይቱን ቀንስ። እንቁላል፣ ምስር፣ ወተት ግን እንዳትነካብኝ። ተርቦ ብረት የሚያነሳ ሰው የገዛ ሥጋውን ነው የሚበላው። እንቅልፍህንም ተኛ። ሌላ ምስጢር የለውም።»

ሚዛን የት እንዳለ ሲጠይቃቸው አውጥተው መጣላቸውን ነገሩት። «ሰው በየቀኑ ከሚዛን ጋር እየተጣላ ብረቱን ይረሳብኛል። ልብስህ ይነግርሃል።»

ይህች የመጨረሻዋ ቃል ናት በኋላ ጉድ ያፈላችው።

የመጀመሪያው ቀን ማግስት ትራስ ስፌት መኪናው ላይ መቀመጥ ከጀመረበት ተቀምጦ እስኪያበቃ፣ ባልደረባው ምላጩ አንድ እጅጌ ሰፍቶ ጨረሰ። ጀማሪነት ግን በረከት አለው፤ ሰውነት ገና አልጠገበምና የሰጡትን ሁሉ ይቀበላል። ቧንቧው ቀለለው። አክሰል ሆነ። አክሰሉ ላይ ቆርቆሮ ተንጠለጠለ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ትራስ ሆድ የገባው እንቁላል ግን በሩጫ ወደ ትከሻው ወጣ። አንደኛ ፎቅ ያሉት አዛውንት ሰዓታቸው ይሳሳትባቸው ጀመር።

«አንተ፣ ከሳህ እኮ!» አለው ምላጩ አንድ ቀን፣ መርፌውን ከጥርሱ አውጥቶ።

«ሂድ ወዲያ!»

«እናቴ ትሙት! ፊትህ ላይ አጥንት አየሁ።»

ምላጩን ማን ያምናል? አንዱን ሙሽራ «እጮኛህ ባለ ሦስት እጅጌ ኮት ነው ያዘዘችልህ፤ ሦስተኛው እሷን ለማቀፍ ነው» ብሎ አሳምኖ፣ ሰውዬው እሺ ብሎ ሊሄድ ሲል ነው የያዙት። ትራስም አላመነም። ያመነው ሱሪውን ነው፤ ሱሪው ደግሞ አንድ ክር ታህል አልሰፋም። ጠዋት ጠዋት ቁልፉን ለመቆለፍ እንደ ድሮው ትንፋሹን ይውጣል፣ እንደ ድሮው ቁልፉ ያቃስታል።

ሜትር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ እየዋለ ለምን ራሱን አልለካም የሚል አይጠፋም። በልብስ ሰፊዎች ዘንድ ሕግ አለ፤ ሰፊ ራሱን አይለካም። ራሱን የሚለካ ሰው ሳያውቀው ሆዱን ይሰበስባል፤ ሜትሩም ውሸት ይለምዳል፤ ውሸት የለመደ ሜትር ደግሞ የደንበኛ ሱሪ ያበላሻል። ምላጩ ይለካኝ እንዳይል ምላጩ ምላጭ ነው።

«ተወው የኔ ልጅ» ትለዋለች እናቱ፣ የተኮሰችውን ሱሪ አጣጥፋ እየሰጠችው። «ከተፈጥሮ ጋር አይታገሉም። አንተ አጥንትህ ነው ወፍራም።»

ከማዶ ደግሞ ዜናው አያቋርጥም።

«እታለም! መሠረቱ ወጣ!» ... «እታለም! ግድግዳው መስኮት ደረሰ!»

አክስቲቱ ደስ ብሏት አይደለም የምትጮኸው። እያንዳንዱን ዜና ከተናገረች በኋላ እጇን መስኮቱ ላይ አድርጋ ወደ ላይ እያየች ትቆያለች። ትራስ ከሥራ ሲመለስ ብዙ ጊዜ እንዲያ ቆማ ያገኛታል፤ አንጀቱን ትበላዋለች። ግድግዳው እየወጣ ነው፤ ሆዱ እየወረደ አይደለም። እንዲህ ሲያስብ ምሳውን ተወ። ከዚያ እራቱን ተወ። የዕረፍቱን ቀን ሰርዞ ጠዋት ጠዋት ሰፈሩን በሩጫ መዞር ጀመረ። እትዬ ክሬን አልነገራቸውም። የብልጥ ሥራ የሠራ መስሎታል።

ብረቱ ግን አወቀበት። ባለፈው ሳምንት ያነሳው አክሰል በዚህ ሳምንት መሬት ላይ የበቀለ ሆነ። ቆርቆሮ ቀነሱለት፤ አልተነሳም። ሌላ ቀነሱለት። አንድ ቀን ባዶ ቧንቧ ትከሻው ላይ እንዳለ ቁጭ አለና ብድግ ማለቱ ጠፋበት። ጋራዡ ጨለመ። ሲነቃ መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ እትዬ ክሬን በካርቶን እያራገቡት ነው።

«ምን በልተሃል?»

«ዛሬ?»

«ዛሬ።»

«ቲማቲም።»

«ትናንትስ?»

«የዚያኑ ቲማቲም ግማሽ።»

እትዬ ክሬን መሳደብ ፈልገው አፋቸውን ከፈቱ፤ ፊቱን ሲያዩት ተዉት። ዳቦና ወተት አምጥተው እንደ ሕፃን አጎረሱት። «ምን ነካህ ልጄ? ዓይኔ እያየ እየከሳህ ነበር እኮ! ማን ነው አልከሳህም ያለህ?»

«ሱሪዬ» አለና እንባው መጣ። «ጣሪያው ሊያልቅ ነው እትዬ። እናቴ እህቷን ሳታቅፍ ልትለያት ነው። ይሄ ሆድ ደግሞ አልሄድ አለኝ።»

እትዬ ክሬን ሜትሩን ከአንገቱ መንጭቀው ወገቡ ላይ ጠመጠሙት። «አንብበው። ሰፊው አንተ ነህ።»

ትራስ አነበበ። ዓይኑን አሻሽቶ ደግሞ አነበበ። ሱሪውን የቆረጠው ራሱ ነው፤ በስንት ልክ እንደቆረጠው ያውቃል። ሜትሩ የሚለው ከዚያ ስንዝር ያህል ያነሰ ነው። ታዲያ በስንዝር ሊሰፋው የሚገባ ሱሪ እንዴት ያንቀዋል? ልብስ መቀየሪያው መጋረጃ ኋላ ገብቶ ሱሪውን አወለቀና ገለበጠው። ከኋላ፣ መሃል ለመሃል፣ ጨርቁ ወደ ውስጥ ተይዟል። እሱ ላይ ሌላ መስመር። እሱ ላይ ሌላ። በየሳምንቱ የጣት ያህል፣ ልክ እሱ በከሳበት መጠን፣ ተከትሎት የጠበበ ስፌት።

«ምላጩ! ዛሬ እገለዋለሁ!» ብሎ በፓንት ሊወጣ ነበር። ግን የሰፊ ዓይን ከቁጣ ይቀድማልና ክሩን አየው። ጫፉ ላይ ሁለት ጊዜ ተመልሶ፣ አንዴ በራሱ ውስጥ አልፎ የተቋጨ ነው። እንዲህ የሚቋጭ እጅ በዚህ ዓለም ላይ ሁለት ብቻ ነው፤ የሱና ያስተማረችው።

የተዋሰውን ቁምጣ አጥልቆ እንዴት ደረጃውን እንደወጣ አያውቅም። እናቱ ሱሪውን ተገልብጦ በእጁ ስታየው መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ አደረገች፣ ደግማ አወለቀች።

«እማዬ፣ ይሄ የማን እጅ ነው?»

«ጥሩ ስፌት ነው» አለች።

«እማዬ!»

«ጥሩ ስፌት ነው አልኩ እንጂ የኔ ነው አልኩ?»

«አንቺ ሴትዮ! እህትሽን ማየት ካልፈለግሽ አልፈልግም አትይኝም?»

እናቱ ወደ መስኮቱ ዞረች። ፊቷን ሳትመልስ፣ «አባትህ የት ነው የሞተው?» አለችው።

ትራስ ያኔ ልጅ ነበር፤ ደረጃው ላይ መሆኑን ግን ያውቃል።

«ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ የኔን ስፌት መኪና ተሸክሞ» አለች። «ሰው እንጥራ ስለው "ቀላል ናት" አለኝ። እሱም እንዳንተ ወፍራም ነበር፣ እሱም እንዳንተ ለኔ እምቢ ማለት አያውቅም። መኪናዋን ቀስ አድርጎ አስቀመጣት፣ አጠገቧ ተቀመጠ፣ በዚያው ቀረ። አንተ ከጀርባህ በቀር አልወርድም ያልኩህ ስለማትችል ነበር። ስትጀምረው ፈራሁ። አልከሳሁም ብለህ ስታስብ ትተወዋለህ አልኩ። እህቴ ብትናፍቀኝ ትናፍቀኝ፤ ናፍቆት አይገድልም። አንተን ግን ለደረጃ አልሰጥም።»

ንዴቱ እንደ ጨው ሟሟበት። አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።

«እማዬ፣ እኔ እኮ አልተውኩትም። ሱሪው አልሰፋ ሲለኝ መብላት ነው የተውኩት። ዛሬ ጂም ውስጥ ወደቅኩ።»

እናቱ አፏን በእጇ ያዘች። «ወየው! በገዛ መርፌዬ!» ለረዥም ጊዜ ይህንኑ ደጋገመች። ከዚያ እንባዋን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና ተቆጣች። «ምን ታየኛለህ? ሂድ እንቁላል ጥበስና እዚህ አምጥተህ እፊቴ ብላ! መቀሱንም አቀብለኝ!» እሱ ሲበላ እሷ የተረተረችው ክር ሥሩ ተከመረ። የሱሪው ወገብ ሲለቀቅ ሁለቱም አዩት። ትራስ ገብቶበት ቆመ፤ ሱሪው ያለ ምንም ክርክር ቁርጭምጭሚቱ ላይ ወረደ። እናቱ እንባዋ ሳይደርቅ በሳቅ ፈረሰች።

ፍርሃት ግን እንደ ስፌት በመቀስ አይፈታም። እናቱ ቅድመ ሁኔታ አወጣች፤ መጀመሪያ እሷን የሚያክል ሸክም በዓይኗ ፊት ይውጣ። በዕረፍት ቀን እትዬ ክሬን አሸዋ የሚሞላበት ባዶ ማዳበሪያ ከረጢት ይዘው መጡ።

«እርስዎ ነዎት ልጄን ብረት የሚያሸክሙት?» አለቻቸው እናቱ።

«እርስዎ ነዎት ሱሪ የሚያጠብቡት?» አሏት። ተያዩና ተግባቡ። «ለአሸዋው ልክዎን ልወቅ፤ ይፍቀዱልኝ» ብለው ከአልጋ ላይ እንደ ሕፃን ብድግ አደረጓት፣ ትንሽ ወዘወዟት፣ መለሷት። «ሁለት የቀለም ቆርቆሮ ከምናምን። ምነው፣ እኔ ላውርድዎት?»

እናቱ ቀሚሷን አስተካከለች። «ቃሌ ከልጄ ጀርባ ነው» አለች። ትራስ ይህን ሲሰማ ጆሮው ቀላ፤ የአሁኑ ቃል ነገር ለመዝጋት የተባለ አይደለም።

በሩ ላይ ወንበር ተደርጎላት ተቀመጠች። ትራስ አሸዋውን በሁለት ሰፋፊ ማሰሪያ ጀርባው ላይ አስሮ ከታች ጀመረ። እትዬ ክሬን ከኋላው ናቸው። እናቱ አታየውም፤ ትንፋሹን ነው የምታዳምጠው። ሁለተኛው ፎቅ ሲደርስ ቆመ።

«ምን ሆነ? ምን ሆነ ልጄ?» ጮኸች ከላይ።

«ምንም! እትዬ እረፍ ብለውኝ ነው!»

«ስታቃስት ሰማሁህ!»

«ስስቅ ነው እማዬ! አዛውንቱ ከታች በር ከፍተው "ባቡር ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች?" ብለውኝ ነው!»

ወጣ። እናቱ እጇን ደረቱ ላይ አድርጋ ልቡን አዳመጠች፤ በኃይል ይመታል፣ ግን ልክ ይመታል። ቀስ እያለም መለስ አለ። «ድገመው» አለችው። የዚያን ሰሞን አሸዋው ከሰው ይልቅ ብዙ ጊዜ ያንን ቤት ጎበኘ። ትራስ በላ፣ ተኛ፣ አነሳ፣ አረፈ። ሆዱ አልጠፋም፤ አሁንም ይቀድመዋል፤ ድሮ ግን ቀድሞት ሱቅ ገብቶ ወንበር ይይዝ ነበር፣ አሁን በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል።

አንድ ማለዳ ከማዶ ድምፅ መጣ፤ ግን ጩኸት አልነበረም። መኪና ቆሟል፤ የአክስቲቱ ልጅ ፍራሽ እየጫነ ነው። አክስቲቱ መንገዱ ዳር ወንበር ላይ ተቀምጣ ወደ ላይ ታያለች። ጣሪያው አልቋል።

እናቱ አሸዋው በታሰረበት ማሰሪያ ጀርባው ላይ ታሰረች፤ ክንዶቿን አንገቱ ላይ ጠመጠመች። ቆርቆሮ አይተነፍስም፣ እናት ግን ትተነፍሳለች፣ ትንቀሳቀሳለች፣ ምክር ትሰጣለች። «ግራህን! ግራህን አልኩ! ግድግዳውን ያዝ!» ከዚያ ሁለተኛው ፎቅ ሲደርሱ ዝም አለች። ጀርባው ላይ ሆና አጥብቃ ስትይዘው ተሰማው።

«እማዬ፣ ልቁም?»

«አትቁም» አለች በሹክሹክታ። «እለፈው።»

አለፈው። አንደኛ ፎቅ፣ በር፣ ብርሃን። መንገዱን ሲያቋርጥ መኪኖች ቆሙለት፤ አንዱ ሾፌር ጥሩምባ ሊነፋ እጁን አንስቶ መልሶ ጉልበቱ ላይ አደረገው። ትራስ እህቷ ፊት ደርሶ በርከክ አለ፤ አክሰሉን ቀስ ብሎ እንደሚያስቀምጠው፣ ወገቡን ቀጥ አድርጎ፣ ጎን ለጎን አስቀመጣት።

እህትማማቾቹ ተያዩ።

«ከላይ ሳይሽ ወፍራም ነበርሽ» አለች የትራስ እናት።

«አንቺ ደግሞ ከታች ሳይሽ ረዥም ነበርሽ።»

ሌላ የተናገሩትን ማንም አልሰማም። ግንባር ለግንባር ገጥመው ቆዩ። የአክስቲቱ ልጅ ሁለት ጊዜ ሰዓቱን አይቶ፣ ሦስተኛ ሊያይ ሲል ትራስ ክንዱን ያዘው፤ ልጁ ክንዱን የያዘውን እጅ አይቶ ሰዓቱን ረሳው። በመጨረሻ ትራስ አክስቱንም ብድግ አድርጎ የመኪናው ወንበር ላይ አስቀመጣት። «አደራህን ይህችን ሴትዮ!» አለችው እያለቀሰች። መኪናው እስኪሰወር እናቱ እጇን አላወረደችም።

ትራስ ላቡን ጠረገና ጀርባውን ሰጣት። አሁን ዋናው ሥራ ነው፤ ሽቅብ። ማሰሪያውን አጠበቀ፣ ብድግ አለ፣ ወደ ሕንፃው በር ዞረ።

«ወዴት ነው?» አለችው።

«ወደ ቤት ነዋ።»

«ያ ጥግ ላይ ምንድን ነው የተከፈተው? ከመስኮቴ ማስታወቂያው ብቻ ነው የሚታየኝ።»

«ዳቦ ቤት ነው።»

«ውሰደኝ እስቲ።»

ወሰዳት። ዳቦ ቤቱን አየች፣ ዳቦ ጋጋሪዋን አነጋገረች፣ የመጋረጃዋን ስፌት ነቀፈች። ከዚያ በትከሻው ላይ አሻግራ ቀጣዩን ጥግ ጠቆመች። የትራስ ጭን መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

«እማዬ፣ ደረጃው ይቀረናል እኮ!»

«ደረጃው የት ይሄዳል?» አለች እናቱ፣ አገጯን ትከሻው ላይ አደላድላ። «ሂድ፣ ቀጥል።»